ማጭዱን የሠራው ማን ነው?

ልጆች ሆይ፤ ሥራ ሁሉ ሠሪ አለው። ቤት ያለ ግንበኛ አይቆምም፤ ማሰሮም ያለ ሸክላ ሠሪ እጅ ከጭቃ አይነሣም። ከፋብሪካ የወጣ መጥረቢያ ብታዩ የፋብሪካው ስም ወይም ምልክቱ በብረቱ ላይ ታትሞ ታገኛላችሁ። የአገራችን ቀጥቃጭ በእጁ የሠራውን ማጭድ ብታገላብጡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጽሕፈት የለበትም። የሠሪው ስም አልተቀረጸም፤ የተሠራበት ዓመትም አልተጻፈም። ይሁን እንጂ ማጭዱ በራሱ አልተገኘም። አንድ ሰው ከሰሉን አቀጣጥሎ፥ ወናፉን ነፍቶ፥ የጋለውን ብረት በጉጠት ይዞ፥ በመስፍ ላይ አኑሮ፥ በመዶሻ ቀጥቅጦ ሠርቶታል። ያ ሰው ማን ነው? ሊታወቅስ ይችላልን?

ይህ የሥራ ፈት ጥያቄ አይደለም። በሁለት ምክንያት ያስፈልጋል። መጀመሪያ፥ መልካም የሠራ ሰው ምስጋናው ለሌላ እንዳይሰጥበት ነው። ሁለተኛ፥ ክፉ ሥራ በተገኘ ጊዜ ያልሠራው ሰው እንዳይከሰስበት ነው። የሰውን ከብት መስረቅ ኃጢአት እንደ ሆነ ሁላችሁ ታውቃላችሁ፤ የአንዱን ሰው ሥራ ለሌላው መስጠትም ከስርቆት የራቀ አይደለም።

መርማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። አሮጌ ማጭድ ባገኘ ጊዜ በአሸዋ አይፈትገው፤ በሞረድም አይሞርደው። ዝገቱና እድፉ ቢያስቀይሙም ከእነርሱ በታች የሠሪው እጅ ምልክት አለ። ቸኩሎ የፈተገው ሰው ማጭዱን አሳምሮ ምስክሩን ይገድላል። ስለዚህ በመጀመሪያ በብርሃን አጠገብ ይዞ ቀስ ብሎ ይመልከት፤ ያየውንም ሁሉ በወረቀት ይጻፍ።

ከዚህ በኋላ አንድ ማጭድ በብዙ ሰው እጅ እንደሚያልፍ ያስብ። ብረቱን የቀጠቀጠ ቀጥቃጭ አለ፤ እጀታውን የጠረበ ሰው አለ፤ በገበያ የሸጠ ነጋዴ አለ፤ ይዞት ያጨደ ገበሬም አለ። ከእነዚህም እያንዳንዱ የራሱን ምልክት ሊተው ይችላል። እጀታው ከወይራ እንጨት በጥሩ አኳኋን የተጠረበ ቢሆን፥ ምስጋናው የቀጥቃጩ ነው ብለን አንቸኩል። እጀታ በተሰበረ ጊዜ ገበሬው ራሱ ሌላ ጠርቦ ይተካዋልና። በእጀታው ላይ የአውራ ጣት ስፍራ ጎድጉዶ ቢታይ፥ ይህ የአጫጁ ምልክት ነው። ስለቱ ብዙ ጊዜ ከመሳሉ የተነሣ ቢሳሳ፥ ይህም የአጫጁ ምልክት ነው። የሠሪውን ምልክት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሌሎቹን ምልክት ለይቶ ማስወጣት አለበት። ገብስን ከገለባ የማይለይ ሰው ስንት ቁና እንዳገባ አያውቅም።

እንግዲህ የሠሪውን ምስክሮች በየተራ እንጥራቸው።

የመጀመሪያው ምስክር ብረቱ ራሱ ነው። በቀድሞ ዘመን በአገራችን በልዩ ልዩ ስፍራ ብረት ከማዕድኑ ይወጣ ነበር። ማዕድኑን ከከሰል ጋራ በምድጃ እያነደዱ፥ በወናፍም እየነፉ፥ ብረቱን ከድንጋዩ ይለዩት ነበር። እንዲህ የወጣ ብረት የማዕድኑ ቆሻሻ ፈጽሞ አይለቀውም፤ በተሰበረበት ወይም በዛገበት ስፍራ እንደ ተሰነጠቀ እንጨት ክር ክር ያለ መስመር ሊታይበት ይችላል። የኋለኛው ዘመን ቀጥቃጭ ግን ብዙውን ጊዜ አሮጌ ብረት ገዝቶ ይሠራል። ከዚህም ውስጥ የመኪና ባሌስትራ በጣም ይወደዳል፤ ብርቱ ስለ ሆነ ስለቱ ቶሎ አይደንዝም።

ማጭዱ ከመኪና ባሌስትራ የተሠራ መሆኑ ከታወቀ አንድ ታላቅ ነገር ተገኘ። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ማጭድ ከዚያ አስቀድሞ በአገራችን ተሠራ ማለት አይቻልም። ባለቤቱ «አያቴ ወደ አድዋ ከመዝመቱ በፊት ያጨደበት ነው» ቢል፥ የአድዋ ጦርነት በ1888 ዓ.ም. ስለ ነበረ፥ ብረቱ ራሱ «አይደለም» ብሎ ይመልስለታል። ሰውዬው ዋሽቶ ላይሆን ይችላል፤ የቀድሞው ማጭድ ጠፍቶ ሌላ ተተክቶ ይሆናል። ብረት ሠሪውን በስሙ አይጠራም፤ ነገር ግን ሠሪ ሊሆኑ የማይችሉትን ሰዎች ለይቶ ያወጣል። ይህም ብዙ ጥቅም ነው።

ሁለተኛው ምስክር መዶሻው ነው። የጋለ ብረት እንደ ሰም ለስላሳ ነውና የመታውን ነገር መልክ ይቀበላል። ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነ መዶሻ አንድ ዓይነት ምልክት ይተዋል፤ ፊቱ ጎበጥ ያለውም ሌላ ዓይነት ምልክት ይተዋል። መዶሻው በአንድ በኩል ተሸርፎ እንደ ሆነ፥ ቀጥቃጩ ካላስተካከለው ያ ሸራፋ በሚቀጠቀጠው ብረት ላይ እየደጋገመ ይታተማል። የመስፉም ጉድለት እንዲሁ ከበታች ይታተማል። እንግዲህ በማጭዱ ላይ አንዲት ትንሽ ጠባሳ በአምስት ስፍራ አንድ ዓይነት ሆና ብትታይ፥ ያችም ጠባሳ በታወቀ ቀጥቃጭ ሥራ ላይ ደግሞ ብትገኝ፥ ሁለቱ ከአንድ መዶሻ በታች እንዳለፉ ለማመን በቂ ምክንያት አለን። ሠሪው ስሙን ባይጽፍ እንኳ መዶሻው ያለ እርሱ ፈቃድ ጽፎለታል።

ሦስተኛው ምስክር የእጅ ልማድ ነው። መምህራችሁ ስም ያልተጻፈበት ደብተር ባገኘ ጊዜ በፊደሉ አጣጣል የማን እንደ ሆነ ያውቅ የለምን? አንዱ ተማሪ «ሀ»ን ያሰፋል፤ ሌላው «መ»ን ያዘነብላል። ቀጥቃጭም እንዲሁ ነው። አንዱ የማጭዱን ጎባጣ እንደ ጨረቃ ያከብበዋል፤ ሌላው ጫፉን ብቻ ያጎብጠዋል። ወደ እጀታው የሚገባውን ቀጭን ጫፍ አንዱ አራት ማዕዘን ያደርገዋል፤ ሌላው ያድበለብለዋል። ማጭዱ ጥርስ ያለው እንደ ሆነ፥ ጥርሶቹ ምን ያህል እንደ ተራራቁና ወደ የት እንዳዘነበሉ መቍጠርና መለካት ይገባል። ግራኝ የሆነ ሠሪ በግራ እጁ መሮውን የሚመታ እንደ ሆነ፥ ያ ደግሞ በአዘነባበሉ ሊታወቅ ይችላል። እነዚህን ነገሮች ሠሪው አስቦ አያደርጋቸውም፤ እጁ ስለ ለመደ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ የታመኑ ናቸው። ሰው አፉን ሊያስዋሽ ይችላል፤ የልማድን እጅ ግን ማስዋሸት አስቸጋሪ ነው።

ነገር ግን በዚህ ስፍራ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ልጅ የእጅ ሥራን ከአባቱ ይማራል፤ ደቀ መዝሙርም ከጌታው ይማራል። ስለዚህ የአባትና የልጅ ሥራ፥ የወንድምና የወንድም ሥራ ተመሳስሎ ይገኛል። ምልክቶቹ እስከ አንድ መንደር ድረስ ቢያደርሱን «የዚያ መንደር ሥራ ነው» እንበል። እስከ አንድ ቤት ቢያደርሱን «ከዚያ ቤት የወጣ ነው» እንበል። እስከ አንድ ሰው ሲያደርሱን ብቻ ሰውዬውን በስሙ እንጥራ። መንገዱ ባለቀበት ስፍራ መቆም ዕውቀት እንጂ ውርደት አይደለም።

አራተኛው ምስክር የሰው ቃል ነው። ማጭዱ ከየትኛው ገበያ ተገዛ? ማን ሸጠው? ሻጩ ራሱ ሠሪው ነበርን ወይስ ከሌላ አገር ያመጣው ነጋዴ? ማጭድ በአህያ ተጭኖ ብዙ ቀን ሊጓዝ ይችላልና፥ በአንድ አገር መገኘቱ በዚያ መሠራቱን አያስረዳም። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ስለዚህ ነው። ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን በትሕትና ጠይቁ። የነገሯችሁንም «እገሌ ነገረኝ» ብላችሁ ከዓይናችሁ ምስክር ለይታችሁ ጻፉ። በኦሪት ዘዳግም በ19ኛው ምዕራፍ የአንድ ሰው ምስክርነት ብቻ ለፍርድ እንዳይበቃ ታዟል። እኛም አንድ ምልክት ብቻ አይተን አንፍረድ፤ ሁለትና ሦስት ምልክት ሲስማሙ ግን ቃላችን ይጸናል።

ይህ ጥበብ ለብረት ብቻ አይደለም። በአገራችን በስተ ደቡብ በኮንሶና በጋሞ ቆዳ የሚፍቁ ሰዎች እንደ ባልጩት ያለውን ድንጋይ ፈልጠው፥ በእንጨት እጀታ ላይ አጣብቀው፥ መፋቂያ ሲያደርጉ ሊቃውንት ሄደው አይተዋል። በጋሞ ይህን ሥራ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ናቸው፤ ልጅም ከአባቱ ይማራል። ሊቃውንቱ የየመንደሩን መፋቂያ ሰብስበው በለኩት ጊዜ የአንዱ መንደር ሥራ ከሌላው መንደር ሥራ እንደሚለይ አገኙ። በኮንሶ ግን ድንጋዩን የሚፈልጡትና ቆዳውን የሚፍቁት ሴቶች ናቸው። ይህን ነገር ልብ በሉ። ብዙ ሰዎች ከመሬት ውስጥ የጥንት የድንጋይ መሣሪያ ሲያወጡ፥ ሳይመረምሩ «ይህን የሠራ ወንድ ነው» ይሉ ነበር። የኮንሶ እናቶች ግን ድንጋይ መፍለጥ የሴት እጅም ሥራ እንደ ሆነ አሳዩ። አስቀድመን በልባችን የወሰንነው ነገር ዓይናችንን እንዳይጋርደው እንጠንቀቅ።

አሁን ደግሞ ይህ ምርመራ በኑሮ ምን እንደሚጠቅም በምሳሌ እንመልከት። አንድ ገበሬ በገበያ ማጭድ ገዛ እንበል። በኅዳር ወር ጤፍ ሲያጭድ ማጭዱ ከመካከሉ ተሰበረ። ገበሬው ተቈጥቶ በአጠገቡ ወደሚኖረው ቀጥቃጭ ሄደና «ክፉ ብረት ሸጠህብኛል፤ ገንዘቤን መልስ» አለው። ቀጥቃጩም «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» አለ። ነገሩ ወደ ሽማግሌ ደረሰ። ተሰብስበው የነበሩትም «በዚህ አገር ከእርሱ በቀር ቀጥቃጭ የለም፤ እርሱ ነው እንጂ ማን ይሆናል?» እያሉ ጮኹ።

ሽማግሌው ግን ጩኸቱን ሰምቶ አልፈረደም። ቀጥቃጩ ለሌሎች ገበሬዎች የሠራቸውን ሦስት ማጭዶች አስመጣና ከተሰበረው ጋራ አስተያያቸው። በሦስቱ ላይ ሁሉ ወደ እጀታው የሚገባው ጫፍ አራት ማዕዘን ነው፤ በተሰበረው ላይ ግን ድብልብል ነው። በሦስቱ ላይ የመዶሻው ምልክት ጠፍጣፋ ነው፤ በተሰበረው ላይ ግን ጎድጓዳ ነው። በሦስቱ ላይ ጥርሱ ተቀራርቧል፤ በተሰበረው ላይ ግን ተራርቋል። ሦስት ምስክሮች ተስማሙ። ደግሞም ሽማግሌው የተሰበረበትን ስፍራ አየ። እኩሌታው አዲስ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ እኩሌታው ግን በዝገት ጠቁሯል። በዚህም ብረቱ በዚያን ቀን ብቻ የተሰበረ ሳይሆን፥ ከብዙ ቀን በፊት ተሰንጥቆ እንደ ነበረ ታወቀ። ሽማግሌው «ይህን ማጭድ የሠራ ይህ ሰው አይደለም» ብሎ ፈረደ። «ታዲያ ማን ሠራው?» ብለው በጠየቁትም ጊዜ «እርሱን ገና አላወቅሁም፤ የማላውቀውን ሰው ስም አልጠራም» ብሎ መለሰ። እንዲህ ያለ ሽማግሌ ላለበት አገር ደስ ይበለው።

ልጆች ሆይ፤ በምሳሌው ውስጥ ሕዝቡ ያለ ምርመራ በቀጥቃጩ ላይ የጮኸው ስለ ምንድር ነው? ይህ በእውነት በአገራችን ብዙ ዘመን የኖረ ክፉ ልማድ ስለ ሆነ ነው። ሰዎች ቀጥቃጩ በሠራው ማረሻ ያርሱ ነበር፤ በሠራው ማጭድ ያጭዱ ነበር፤ በሠራው ጦር ከጠላት ይድኑ ነበር። እርሱን ግን ይንቁት ነበር። «ቡዳ ነው፤ ሰውን በዓይኑ ይበላል፤ በሌሊት ጅብ ይሆናል» እያሉ ያሙት ነበር። ለዚህ ሁሉ ሐሜት አንድ ምስክር እንኳ አላቀረቡም። አንዲት ማጭድ የማን እንደ ሆነች ለመናገር ሁለትና ሦስት ምልክት የሚያስፈልግ ከሆነ፥ አንድን ሰው ጅብ ነው ለማለት ስንት ምስክር ያስፈልግ ነበር!

ይህን ክፋት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ተመልክተው በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን ስለ ሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ሰው ሁሉ የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑን አሳስበው፥ ተሳዳቢ እንዲቀጣ አዘዙ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በ13ኛው ምዕራፍ እንደምናነበው፥ በእስራኤል ምድር ሁሉ ቀጥቃጭ በጠፋ ጊዜ ሕዝቡ ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል ወደ ጠላቶቹ ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ ነበር። ቀጥቃጭ የሌለው አገር እንጀራውም ጦሩም በሌላ ሰው እጅ ነው።

በጎንደር አገር ብረት በመቀጥቀጥና ሸክላ በመሥራት የታወቁ ቤተ እስራኤል ነበሩ። እነርሱም ስለ እጅ ሥራቸው ይህን ንቀት ታግሠው ኖረዋል። በ1977 ዓ.ም. እና በ1983 ዓ.ም. እጅግ ብዙዎቹ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ሠሪዎቹ ሄዱ፤ ከሥራቸው ግን በጎረቤቶቻቸው ቤት የቀረ አለ። ዛሬ በዚያ አገር አንድ ልጅ በአያቱ ጎተራ ውስጥ ስም የሌለበት ማጭድ ቢያገኝ፥ የሠራው ሰው ወይም የሠሪው ልጅ ልጅ በሩቅ አገር ይኖር ይሆናል። ያ የልጅ ልጅ «አያቴ ምን ሠራ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ መልሱ በዚያ ጎተራ ውስጥ ዝጎ ተቀምጧል። አያት ዛሬ በሕይወት ሳለች ካልተጠየቀች፥ ነገ ማጭዱን ከሠሪው ጋራ የሚያገናኝ አይገኝም።

የቀድሞ ቀጥቃጮች ስማቸውን በሥራቸው ላይ ያልጻፉት ስለ ምንድር ነው? ብዙዎቹ ፊደል የሚያስተምራቸው አላገኙም፤ ስማቸውንም የሚያከብር አልነበረም። እናንተ ግን ፊደል ቈጥራችኋል። ስለዚህ እነርሱ ያልጻፉትን እናንተ ልትጽፉ ትችላላችሁ። በቤታችሁ በእጅ የተሠራ ማጭድ፥ ማረሻ፥ ዶማ ወይም ቢላዋ ያለ እንደ ሆነ፥ አባታችሁንና እናታችሁን፥ አያታችሁንም ጠይቃችሁ አራት ነገር በደብተራችሁ ጻፉ። ማን ሠራው? የት ተሠራ? መቼ ተሠራ? ይህንስ የነገረኝ ማን ነው? ያልታወቀውን «አልታወቀም» ብላችሁ ጻፉ፤ በግምት አትሙሉት። በብረቱ ላይ ግን ምንም አትጫሩ፤ የሠሪው ምልክት በዚያ አለና።

ማንበብ ማለት በወረቀት ላይ ያለውን ፊደል መለየት ብቻ አይደለም። የመዶሻ ጠባሳም ፊደል ነው፤ የጥርስ መራራቅም ፊደል ነው። ይህን ፊደል በትዕግሥት የሚያነብ ሰው የተረሳውን ሠሪ ያስታውሳል፤ በሐሰት የተከሰሰውንም ያድናል። ቀጥቃጭን በመንገድ ባገኛችሁት ጊዜ «እንደምን ዋሉ» ብላችሁ በክብር ሰላምታ ስጡት፤ ስሙንም ጠይቁት። በዛሬው ምሳችሁ ውስጥ የእርሱ እጅ አለበትና።

ጥያቄ።

አሮጌ ማጭድ በአሸዋ የማይፈተገው ስለ ምንድር ነው?
የአጫጁ ምልክትና የሠሪው ምልክት በምን ይለያል?
ከመኪና ባሌስትራ የተሠራ ማጭድ ከ1900 ዓ.ም. በፊት ተሠራ ማለት የማይቻለው ስለ ምንድር ነው?
ሽማግሌው ቀጥቃጩን ነጻ ያወጣው በስንት ምልክት ነው? የትኞቹ ናቸው?
በቤታችሁ ካለው በእጅ የተሠራ ዕቃ አንዱን መርጣችሁ አራቱን ነገር ጻፉ።